«ነገ ነይ» የሚሉበት ስፌት ቤት፦ ስፌቱ ከ10 9፣ ቀጠሮው 2

ከመጀመሪያው ልናገር፤ ቀሚሶቹ አምረዋል። እህቴ ጥር 18 ስታገባ ሚዜዎቿን ያየ ሁሉ «የት አሰፋችሁት?» ሲል ነው የዋለው። እኔም «እዚሁ ባሕር ዳር» እያልኩ ፈገግ ስል ዋልኩ። ያ ፈገግታ ስንት ምልልስ እንዳስከፈለኝ ግን ለማንም አልተነፈስኩም። አሁን ልተንፍሰው።

ስፌት ቤቱ ከጊዮርጊስ ብዙም አይርቅም፤ ደወሉ ውስጥ ድረስ ይሰማል። ስሙን አልጽፍም። ወቀሳ አለኝ፣ ደግሞም እንዲህ ያለ ስፌት ቤት በከተማው ሞልቷል፣ የራሳችሁን ሰፊ እያሰባችሁ አንብቡት። አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። አራት የስፌት መኪና፣ አንድ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚይዝ መኪና)፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠሉ እጅጌ ያልተገጠመላቸው ልብሶች፣ ወለሉ ላይ እንደ ገለባ የተበተነ ቁርጥራጭ ጨርቅ። ባለቤቲቱን ሁሉም ሰው «እትዬ» ነው የሚላቸው። የሚለኩትም የሚቆርጡትም እሳቸው ናቸው። ሁለት ሴቶችና «ጋሼ» የሚባሉ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ይሰፋሉ። አንድ ጎረምሳ ደግሞ ይተኩሳል፣ ቁልፍ ይተክላል፣ ይላላካል።

አራት የሚዜ ቀሚስ ነው ያዘዝኩት። ጨርቁን ራሴ ገዝቼ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ወሰድኩ። የአንዱ ስፌት 1,500 ብር፣ ግማሹ ቀብድ። እትዬ ደብተራቸው ላይ ጻፉና «ለ18 ነይ፤ ያልቃል» አሉኝ። አመንኳቸው።

18 ሄድኩ። ጨርቄ ከነፌስታሉ ያስቀመጥኩበት ቦታ ቁጭ ብሏል። «ውይ የኔ እህት፣ ለ24 ነይ።»

24 ሄድኩ። አንዱ ብቻ ተቆርጧል።

እዚህ ላይ ቱግ አልኩ። ከቢሮ ፈቃድ ወስጄ ነው የመጣሁት። ያልኩትን አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ «እኛ እኮ ሥራ አንወድም፣ ለዚህ ነው የማናድገው» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ሸምገል ያሉት ሰውዬ ግን ቀና እንኳ ሳይሉ፣ እግራቸው ፔዳሉን እየረገጠ፣ «ልጄ፣ ፈቃድሽን ወስደሻል አይደል? ተቀመጪና እዪን» አሉኝ። እልህ ይዞኝ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ዓርብም ተመልሼ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ያየሁት መብራቱን ነው። 5 ሰዓት ከ20 ላይ ሄደ። ሞተር የተገጠመላቸው ሦስቱ መኪኖች ጸጥ አሉ። የጋሼ የእግር መኪና ብቻዋን ጨቅ ጨቅ ማለቷን ቀጠለች። ጎረምሳው ከጠረጴዛ ሥር የከሰል ካውያ አወጣና ደጅ ወጥቶ ፍም ማራገብ ጀመረ። ኦቨርሎኩ ግን በከሰል አይሠራም። ጨርቁ ጠርዙ ካልተያዘ ይተረተራል፣ ስለዚህ ጋሼ የጨረሱት ሁሉ ኦቨርሎኩ ጋ እየሄደ ይከመር ጀመር። ሴቶቹ ትንሽ ቁልፍ ተከሉ፣ የቀሚስ ጫፍ በእጅ ዘመዘሙ፣ ከዚያ የእጅ ሥራው አለቀ። ከዚያ ወሬ። ከዚያ ዝም።

መብራቱ የመጣው 9 ሰዓት ከ40 ላይ ነው።

ይሄ የሚሆነው ጣና ዳር ነው፣ ልብ በሉ። ከዚሁ ሐይቅ በዋሻ ተስቦ የሚሄድ ውሃ በለስ ላይ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ያዞራል፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ። ጢስ ዓባይም ቅርባችን ነው። ሰፈሩ ግን ጥፋቱን ሁሉ የሚጥለው መንገድ ዳር ባለችው ትራንስፎርመር ላይ ነው፣ ስሟን እንደ ክፉ ጎረቤት ነው የሚያነሱት።

እንግዲህ ቁጠሩት። ሴቶቹ ያን ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ግድም ስፌት ቤቱ ውስጥ ነበሩ። መኪናቸው የዞረው ከአምስት ሰዓት ብዙ አይበልጥም። «ዛሬ ስንት ሰዓት ሠራሽ?» ቢባሉ ምን ይመልሳሉ? የሚከፈላቸው በሰፉት ልብስ ቁጥር ነው። ለተቀመጡበት የሚከፍል የለም።

ይህን ሳይ አንድ ያነበብኩት ነገር ትዝ አለኝ። በ2018 እ.ኤ.አ. ሦስት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች የብዙ አገሮችን የሥራ ሰዓት አነጻጽረው ነበር። በድሃ አገር ያለ አዋቂ ሰው በሳምንት የሚሠራው ሰዓት ከሀብታም አገር ሰው በግማሽ ያህል ይበልጣል። ያንሳል አይደለም፣ ይበልጣል። ቅድም የጮህኩትን ነገር ልመልሰው ፈለግኩ፣ ግን እንዴት ተብሎ ይመለሳል። ሻይ ጋበዝኳቸው።

ቀጥሎ የቀን መቁጠሪያውን አየሁ። በዚህ ቤት በበዓል መርፌ አይነካም። ልኬት ይወሰዳል፣ ያለቀ ልብስ ይሰጣል፣ ቀብድም ይቀበላሉ (በቀብድ በኩል በዓል የለም)። መቀስና መርፌ ግን አይነሳም። 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም፣ እና እሑድ። ታኅሣሥ 3 ደግሞ በዓታ ነበረች፤ ማለትም ባዘዝኩ ማግስት። ከ19 እስከ ገና ድረስ ያሉትን 11 ቀናት ብቻ ቆጠርኩ፦ 19፣ እሑድ 20፣ 21፣ 23፣ 27፣ 29። ስድስት ቀን። መድኃኔዓለም እሑድ ላይ ባይውል ሰባት ይሆን ነበር።

«እትዬ፣ ሠርግ በበዛበት ወር እንኳ አይከፍቱም?» አልኳቸው።

«ብከፍትስ ማን ሊሰፋ? ልጆቹ አይመጡም። ጎረቤትስ ምን ይላል? ዕድሬ ከነሱ ጋር፣ ዕቁቤ ከነሱ ጋር። አንድ ማርያም ላይ መኪና ላስጩህና የቀረውን ዓመት ሲያሙኝ ይክረሙ?»

እምነት ነው፣ ግን እምነት ብቻ አይደለም። ሁሉም ባንድ ላይ ሲዘጋ አንዷ ብቻዋን ከፍታ የምታገኘው ብር፣ በኋላ ስትታመም የሚጠይቃትን፣ ሰው ሲሞትባት ድንኳን የሚተክልላትን ሰው ሊያሳጣት ይችላል። ይህን ሒሳብ እኔ ቢሮ ሆኜ አልሠራውም፤ ደመወዜ በወሩ ይገባል፣ ብታመምም ይገባል። ደግሞ በበዓል ተጋድመው የሚውሉ አይምሰላችሁ። አንዷ ሴት «ልብስ የማጥበው፣ የታመመ የምጠይቀው መቼ ነው ታዲያ?» አለችኝ።

ዓርብ ዕለት ያየሁት ደግሞ ጾሙን ነው። የገና ጾም ስለነበር እትዬና ጋሼ እስከ 9 ሰዓት አይቀምሱም። ጠዋት የመኪኖቹ ድምፅ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ከ7 ሰዓት በኋላ እየሳሳ መጣ። 8 ሰዓት ላይ ጋሼ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታቸው፣ ሁለቴ ሦስቴ በምላሳቸው እያራሱ ሞከሩ፣ በመጨረሻ ጎረምሳው አስገባላቸው። 9 ሰዓት ላይ ሽሮ በእንጀራ መጣ፣ ቡና ተፈላ፣ እና አሥር ሰዓት ሳይሞላ ዝናቡ ተመልሶ መውረድ ጀመረ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ «ሆድ ባዶ ሲሆን ዓይንም ይጾማል» አሉኝ።

አሁን ስለ ክፍያ፣ ምክንያቱም እኔን በጣም የገረመኝ እሱ ነው። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት ዓይነት አከፋፈል አለ። ሴቶቹ በልብስ ቁጥር ይከፈላቸዋል። ጎረምሳው የወር ደመወዝተኛ ነው። ጋሼ ደግሞ ጥጓን ተከራይተው ነው የተቀመጡት፤ ለእትዬ በወር የተቆረጠ ብር ይሰጣሉ፣ ከዚያ በላይ ያለው የራሳቸው ነው። ልክ እንደ ባጃጅ ሹፌር፣ ለባለንብረቱ የቀን ገቢውን ካስገባ በኋላ ያለው የሱ እንደሆነው። እና ማን ቀድሞ ይመጣል? ጋሼ። ማን መጨረሻ ይወጣል? ጋሼ። ጎረምሳውን ካውያ ላይ አይታችሁት ከሆነ ከሰሉ ራሱ ይቀድመዋል። ልጁ ሰነፍ ነው እንዳልል፣ ዓርብ ዕለት አንድ ሙሽራ መጥቶ «ቶሎ ተኩስልኝ፣ 100 ብር አለህ» ሲለው ሸሚዙን በአምስት ደቂቃ ነው ያደረሰው።

እዚህ ጋ ነገሩ አለቀልኝ፣ ሰው በሠራው ልክ ይከፈለው ብዬ ልደመድም ነበር። ከዚያ በቁጥር የሚከፈላት አንደኛዋ ሴት 10 ሰዓት ላይ ተነስታ ነጠላዋን አጣፋች። መብራት አለ። ሥራ ተከምሯል። ብትቆይ ብር ታገኛለች። ተነሳች። «ውሃ ትመጣለች» አለች። ሰፈሯ ውሃ በፈረቃ ነው፣ የዓርብ ማታ ተራ ካመለጣት እስከ ማክሰኞ ጀሪካን ግዢ ነው። ልጇም ከጎረቤት ይወሰዳል። ሲመሽ ደግሞ ባጃጅ አይገኝም። ሐይቅ ዳር የምትኖር ሴት ውሃ ልትጠብቅ ስፌቷን ጥላ ትሄዳለች። ሌላ ፈረቃ ነው የገባችው፣ የማይከፈልበት።

ሁለተኛዋ ዕቁብ አለባት፤ በሳምንት 500። የዕቁብ ሳምንት ሲቃረብ እስከ ማታ 1 ሰዓት ትቆያለች። እትዬ ሳቅ እያሉ «ዕቁብ ባይኖር ይቺን ልጅ አላገኛትም ነበር» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ኅዳር ላይ ዕቁቡ ሲደርሳት አራት ቀን እንደቀረች ነገሩኝ። «ብር ሲያገኙ እኮ አይመጡም።» ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት አሠሪ ሲናገረው ሰምቻለሁ! እኔም ብዬው አውቃለሁ፣ ቤት ለምትረዳኝ ልጅ። ልጅቷን ግን ጠየቅኳት። አራቱን ቀን እናቷን ሐኪም ቤት ስታመላልስ ነው የዋለችው። እናትየዋ ታመው የነበረው ከሐምሌ ጀምሮ ነው። ብሩ እስኪመጣ ነበር የሚጠብቁት።

ይቺው ልጅ ከዚህ በፊት ሌላ ከተማ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሰባት ወር ሠርታለች። ባሕር ዳር ለፋብሪካ ባዳ አይደለችም፤ ጨርቃ ጨርቁ ከ1950ዎቹ ጀምሮ እዚሁ ነው፣ ፈረቃ ምን እንደሆነ ከተማው ያውቃል። ልጅቷ ግን ለቀቀች። ለምን? የቤት ኪራዩ ደመወዙን በላው፣ ሰዓቱ ረዘመባት። ከሁሉ በላይ ያለችው ግን «ለቅሶ ለመድረስ እንኳ ፈቃድ ይጠየቃል» ነው። የተለየች አይደለችም። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በአምስት ድርጅቶች ሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ለይተው ነበር። ለአንዳንዶቹ ሥራው፣ ለአንዳንዶቹ 300 ዶላር ገደማና ሥልጠና፣ ለሌሎቹ ምንም። ሥራውን ካገኙት አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ወጡ። ገንዘቡን ያገኙት በዓመቱ ሲታዩ በየራሳቸው ሥራ ብዙ ሰዓት እየሠሩ ገቢያቸውም በሢሶ ያህል በልጦ ነበር። አምስት ዓመት ቆይቶ ሲታይ ግን ያ ብልጫ ጠፍቷል። ስለዚህ «ብር ስጣቸውና ተወው» ማለትም አይሠራም።

ስለ ሕጉም አነሳሁላቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው ይላል፣ በሕዝብ በዓል የሠራ ሰው ደግሞ ሁለት እጥፍ ይከፈለዋል። ሴቶቹ ሳቁ። «ማን ሊከፍለን? እትዬ?» እትዬም ሳቁ። ጋሼ ብቻ አልሳቁም፣ መርፌ በአፋቸው ይዘው ስለነበር።

እሺ፣ ይህን ሁሉ አየሁ። መብራቱ ገባኝ፣ በዓሉ ገባኝ፣ ውሃው ገባኝ። ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። እትዬ መብራት እንደሚሄድ ያውቃሉ። ገብርኤል 19 ላይ እንደሚውል ካህኑም እሳቸውም ያውቃሉ። ታዲያ ለምን «ለ18 ያልቃል» አሉኝ?

ጠየቅኳቸው። መቀሱን አስቀመጡና መለሱልኝ፣ ሳይቆጡ። ሠርግ ጥር ላይ ነው፣ ከዚያ ከፋሲካ በኋላ። ጳጉሜና መስከረም ላይ የተማሪ ዩኒፎርም አለ። ከዚህ ውጭ ክረምቱም ዐቢይ ጾሙም ባዶ ነው፣ የቤቱ ኪራይ ግን ክረምት አያውቅም። «ታኅሣሥ ላይ እምቢ ብልሽ ጎረቤት ትሄጃለሽ። እሱም ይዋሽሻል። ቀብድሽ ግን እሱ ጋ ይሆናል።» በቀብዱ ክር ይገዛሉ፣ የቤት ኪራይ ይከፍላሉ፣ የቀደመው ደንበኛ ልብስ ላይ ያውሉታል። ሐምሌ 2016 የብሩን ዋጋ ገበያ ይወስነው ከተባለ ወዲህ ዚፑም ክሩም ዋጋው ጨምሯል፣ ሳይገዙ ማደር ኪሳራ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ይቀበላሉ፣ ለሁሉም ቀን ይሰጣሉ። ሌላ ሰፊ ለምን አይቀጥሩም ስላቸው «ለሁለት ወር? በዐቢይ ጾም ምን ላብላት?» አሉ።

ምክንያቱ ልክ ነው። ነጥብ ግን አልጨምርላቸውም። ምክንያቱም የኔ ሰዓትስ? አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በዓመት ካለችኝ ፈቃድ ሁለት ሙሉ ቀን እዚያ በርጩማ ላይ አልቋል። እኔ በሌለሁበት ቢሮ የመጣ ባለጉዳይ «ነገ ና» ተብሎ ተመልሷል፤ እሱም ምናልባት የራሱን ሱቅ ዘግቶ ነበር የመጣው፣ የሱም ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ ይሆናል። የእትዬ አንድ ውሸት ቀጠሮ እንዲህ እየተንከባለለ የስንቱን ሰው የሥራ ቀን በላ? «ጥር 8 ይደርሳል» ቢሉኝ እቀበል ነበር። ሠርጉ እኮ 18 ነው!

ጥር 2 ሁለቱ አለቁ፣ ጥር 8 አራቱም። ጥር 8 ስቀበል «የገበርና የዚፕ» ተብሎ 640 ብር ተጨመረብኝ፣ ቀድሞ ያልተነገረኝ። እሱንም መዝግቡልኝ።

ስፌቱን ግን ላሞግስ። ትከሻው ልክ ትከሻ ላይ ነው ያረፈው። ዚፑ ካልተነገራችሁ አይታይም። የአንዷ ሚዜ ቀሚስ ብብቷ ላይ ጠቦ ነበር፣ ጋሼ ከቆመችበት በስስ ሳሙና ምልክት አድርገው በ20 ደቂቃ ለቀቁላት፣ ሳንቲም አልጠየቁም። ከሁሉ የገረመኝ የቀሚሶቹ ጫፍ ነው። ዝምዝማቱ በእጅ ነው፣ ጥቃቅን፣ እኩል፣ ከውጭ ክሩ የማይታይ። ያን ሐሙስ መብራት ጠፍቶ ሴቶቹ ሥራ ሲፈቱ ዓይኔ እያየ የሠሩት ነው።

ስለዚህ ስፌቱ 9። ዋጋው 7፣ የገበሩን ነገር ቀድመው ቢናገሩ 8 ይሆን ነበር። ቀጠሮው 2፤ ሁለቷም ጋሼ «ተቀመጪና እዪን» ስላሉኝ ነው። መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ሠርጋችሁ ጥር ከሆነ ጨርቁን ኅዳር ሳይገባ አድርሱ፣ ቀብድ ከግማሽ በታች ስጡ፣ ገበርና ዚፕ ከነዋጋው ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ከተቻለ ደግሞ በባዶው ወር ሂዱ። እኔ መጋቢት ላይ፣ ዐቢይ ጾም መሃል፣ አንድ ጉርድ ይዤ ሄጄ ነበር። ክፍሏ ጭር ብላለች፣ ሁለተኛዋ ሴት የለችም፣ ጎረምሳው በር ላይ ስልኩን ያያል። እትዬ ለኩኝና «ለሐሙስ ነይ» አሉ። በሆዴ ሳቅኩ።

ረቡዕ ማታ ደወሉልኝ። «አልቋል እኮ፣ ምነው አትመጪም?»

ቅዳሜ ሄድኩ።